እንዴት ይሠራል? ላሜራ የሚደረድር ሶፍትዌርና አመራረጡ

አንድ ደንበኛ ወደ ብረታ ብረት ወርክሾፕ መጥቶ 330 ክብ የብረት ቁራጭ አዘዘ እንበል። እያንዳንዱ ክብ ከዳር እስከ ዳር 200 ሚሊ፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ ነው። ወርክሾፑ ያለው ላሜራ ደግሞ 1250 በ2500 ሚሊ ነው። ኦፕሬተሩ በላሜራው ዙሪያ 10 ሚሊ፣ በክብና በክብ መካከል 8 ሚሊ እየተወ ቀጥ ባለ ረድፍ ቢደረድር 5 ረድፍ ይወጣለታል፤ በየረድፉ 11 ክብ። ከአንድ ላሜራ 55 ክብ ማለት ነው። ትእዛዙ በ6 ላሜራ ይሞላል።

አሁን ሁለተኛውን ረድፍ በግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ገፋ እናድርገው። ክቦቹ ከበላያቸው ባለው ረድፍ ክፍተት ውስጥ ገባ ገባ ይላሉ፣ ረድፎቹም ይቀራረባሉ። በ5 ረድፍ ፈንታ 6 ረድፍ ይገባል፤ በየረድፉ ያው 11። ከአንድ ላሜራ 66 ክብ ወጣ። 330ው ክብ በ5 ላሜራ አለቀ፣ አንድ ሙሉ ላሜራ ተረፈ። የተረፈው ላሜራ ሚዛን ላይ ቢወጣ ከ73 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ማሽኑ ያው ነው፣ ብረቱም ያው ነው፤ የተለወጠው አደራደሩ ብቻ ነው።

በሙያው ቋንቋ ኔስቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ሥራውን ለኮምፒውተር የሚያስረክበው ደግሞ የኔስቲንግ ሶፍትዌር ይባላል። ሲኤንሲ ፕላዝማ ወይም ሌዘር ማሽን የገዛ ባለ ወርክሾፕ ሁሉ ውሎ አድሮ ሁለት ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ይህን ሶፍትዌር ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ? ከገዛሁስ የቱን?

ዓይን የማይበቃው ለምንድን ነው?

አንድ ዓይነት ክብ ብቻ ቢሆን ልምድ ያለው ኦፕሬተር ያለ ምንም ሶፍትዌር 66ቱን ያወጣዋል። ችግሩ የወርክሾፕ ትእዛዝ እንዲህ ሆኖ አለመምጣቱ ነው። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሳጥን፣ የጣሪያ ፕሌት፣ የማስታወቂያ ፊደልና የማሽን ክዳን በአንድ ቀን ይመጣሉ። የእያንዳንዱ ቅርፅ ይለያል፣ ብዛቱም ይለያል።

ቅርፃቸው የተለያየ 20 ቁራጮችን በአንድ ላሜራ ላይ እንደርድር ብንል የትኛው ይቅደም፣ የትኛው ይከተል የሚለው ብቻ ስንት አማራጭ እንዳለው እናስላ። ሁለት ነጥብ አራት ሚሊዮን በሚሊዮን ተባዝቶ፣ እንደገና በሚሊዮን ሲባዛ የሚገኘው ቁጥር ነው። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ቁራጭ ሊዞር ይችላል። ሁሉንም ሞክሮ የሚጨርስ ኮምፒውተር የለም። ምርጡን አደራደር በአጭር ጊዜ ሁልጊዜ የሚያገኝ ዘዴም እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ነገሩ የሒሳብ ሊቃውንትን ማሳሰብ ከጀመረ ቆይቷል። የሶቪየቱ የሒሳብ ሊቅ ሊዮኒድ ካንቶሮቪች እ.ኤ.አ. በ1939 ባሳተመው ሥራ ውስጥ የፋብሪካ ጥሬ ዕቃን በቁጠባ መቁረጥ በሒሳብ ሊፈታ የሚችል ችግር መሆኑን አሳየ። በ1951 ከቪክቶር ዛልጋለር ጋር በዚሁ በቁጠባ አቆራረጥ ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጻፈ። ሀብትን በአግባቡ ስለማከፋፈል ላበረከተው ሥራም በ1975 ከቻሊንግ ኩፕማንስ ጋር የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ዛሬ አንድ ኦፕሬተር ቁልፍ ሲጫን ከስክሪኑ ጀርባ የሚሠራው ሒሳብ እንዲህ ያለ የዘር ሐረግ አለው።

ሶፍትዌሩ ቁልፉ ሲጫን ምን ይሠራል?

መጀመሪያ ሥዕሉን ያነባል። ሥዕሉ ብዙውን ጊዜ ዲኤክስኤፍ በሚባል የፋይል ዓይነት የተቀመጠ ነው። ሶፍትዌሩ የትኛው መስመር የቁራጩ ውጫዊ ዳር፣ የትኛው የውስጥ ቀዳዳ እንደሆነ ይለያል። ብዙ ጣጣ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ዲዛይነሩ ሁለት መስመሮችን ሳያገናኝ ትቷቸው ከሆነ፣ ወይም አንዱን መስመር ሁለቴ ደራርቦ ስሎት ከሆነ፣ ደካማ ሶፍትዌር ቁራጩን አይቀበልም፤ ይባስ ብሎ ሳይናገር ሁለቴ ያስቆርጠዋል። ጥሩው ስሕተቱን አግኝቶ ያርማል ወይም በቀይ ያሳያል።

ቀጥሎ የክልከላ ካርታ ያዘጋጃል። አንዱን ቁራጭ በቦታው አቁሞ ሌላውን ሳይደራርብና ሳያለያይ፣ እንደነካካ በዙሪያው ያዞረዋል። በሚዞረው ቁራጭ ላይ አንድ ነጥብ ይመረጥና ነጥቡ የሄደበት መንገድ ይመዘገባል። ነጥቡ ከዚያ መንገድ ወደ ውስጥ ከገባ ሁለቱ ቁራጮች ተደራርበዋል ማለት ነው፤ መንገዱ ላይ ከሆነ ተነካክተዋል፤ ከውጭ ከሆነ ተለያይተዋል። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተትም አብሮ ይታሰባል። ይህ ካርታ ለእያንዳንዱ ጥንድ ሲዘጋጅ "እዚህ ይገባል ወይስ አይገባም?" የሚለው ጥያቄ በቅጽበት ይመለሳል።

ከዚያ መደርደር ይጀመራል። አብዛኛውን ጊዜ ትልልቆቹ ይቀድማሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ አንድ ጥግ በሚቻለው ሁሉ ይጠጋል። የመጀመሪያው አደራደር ሲያልቅ ሶፍትዌሩ ቅደም ተከተሉን በውዞ፣ አንዳንዱን ቁራጭ አዙሮ እንደገና ይሞክራል። ጥሩ የወጡትን ሁለት አደራደሮች አዳቅሎ ሦስተኛ የሚያወጣም አለ። የተሻለውን እየያዘ፣ የከፋውን እየጣለ የተሰጠው ጊዜ እስኪያልቅ ይቀጥላል። አንድን ሥራ ሁለቴ ሲያስደረድሩት ሁለት ዓይነት ውጤት ቢሰጥዎ አይደነቁ፤ ጠባዩ ነው። ረዘም ያለ ጊዜ ሲሰጡት ይሻሻላል፤ ትልቁ ጥቅም ግን የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው።

በምሳሌያችን ላይ ይህ ምን እንደሚመስል እንይ። 66ቱ ክቦች ከተደረደሩ በኋላ በየሦስቱ ክቦች መካከል ትንሽ ባዶ ቦታ ይቀራል። የ8 ሚሊውን ክፍተት ጠብቀን ብናሰላው እያንዳንዱ ባዶ ቦታ ስፋቱ 24 ሚሊ የሆነ ሮንዴላ ይይዛል። በላሜራው ላይ እንዲህ ያለ ቦታ 100 አለ። ጥሩ ሶፍትዌር "መሙያ" ተብሎ የተመዘገበ ትንሽ ቁራጭ ካለ ቦታዎቹን ሳይጠየቅ ይሞላቸዋል። ሰው ግን ለ100 ሮንዴላ 100 ጊዜ ማውዝ አይጎትትም።

ከመደርደር በኋላ ያለው ሥራ

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ሶፍትዌሩ ብረት ብቻ የሚቆጥብ ስለሚመስለው ነው። ማሽኑ የሚሠራበት ጊዜ፣ ኖዝሉ፣ ኤሌክትሮዱና ጋዙም ገንዘብ ናቸው።

የጋራ መስመር የሚባለውን ዘዴ እንይ። ጎናቸው 100 ሚሊ የሆነ 10 ካሬዎች ተለያይተው ቢቆረጡ ማሽኑ 4,000 ሚሊ ይቆርጣል። በአንድ ረድፍ ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ ሁለቱ አንድ መስመር ተካፍለው ቢቆረጡ ግን 3,100 ሚሊ ብቻ ይበቃል። ሆኖም ዘዴው የሚያዋጣው ሶፍትዌሩ ማሽኑ በሚቆርጥበት ጊዜ የሚበላውን ስፋት በትክክል ሲያውቅ ነው። ሌዘር የሚበላው ከግማሽ ሚሊ ያነሰ ነው፤ ፕላዝማ ግን እንደ አምፔሩና እንደ ውፍረቱ ከ1 ሚሊ በላይ፣ አንዳንዴም ብዙ ሚሊ ይበላል። ቁጥሩ ከተሳሳተ ቁራጮቹ ሁሉ ከልካቸው ያንሳሉ ወይም ይበልጣሉ።

መብሳትም ራሱን የቻለ ወጪ ነው። ማሽኑ አዲስ ቁራጭ በጀመረ ቁጥር ላሜራውን ይበሳል። ወፍራም ብረት ላይ መብሳት ጊዜ ይወስዳል፣ የፕላዝማ ኖዝልና ኤሌክትሮድም በዋናነት የሚያልቁት በማስነሳት ብዛት ነው። ስለዚህ አንዱን ቁራጭ ጨርሶ ሳይጠፋ ወደ ሌላው የሚሻገር የአቆራረጥ መስመር የሚያወጣ ሶፍትዌር ዋጋው በኖዝል ላይ ይታያል።

የሌዘር ኦፕሬተሮች የሚፈሩት ሌላ ነገር አለ፤ የተቆረጠ ትንሽ ቁራጭ ላሜራው ከተቀመጠባቸው ጥርሶች መካከል ተንሸራቶ ጫፉን ወደ ላይ ሲያቆም በፍጥነት የሚሄደው የሌዘር ራስ ይገጨዋል። ጥሩ ሶፍትዌር አስቀድሞ ከተቆረጠው ቁራጭ ላይ የሌዘሩን ራስ እንዳያሳልፍ መንገዱን ያዞራል፤ ካስፈለገም ቁራጩን በቀጭን ጅማት ከላሜራው ጋር አያይዞ ይተወዋል።

የብረቱ አቅጣጫም አለ። ጎበዝ ልብስ ሰፊ የጨርቁን የክር አቅጣጫ ሳያይ መቀስ እንደማያነሳ ሁሉ፣ የሚታጠፍ ላሜራ በፋብሪካ የተዳመጠበትን አቅጣጫ ሳያዩ መቁረጥ ጣጣ አለው። የእጥፋቱ መስመር ብረቱ ከተዳመጠበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሲሆን ላሜራው በእጥፋቱ ላይ በቀላሉ ይሰነጠቃል። የተፈገፈገ ስቴንለስ ደግሞ የጭረቱ አቅጣጫ ከተለያየ አጠገብ ለአጠገብ የተገጠሙ ሁለት በሮች የተለያየ ቀለም ያላቸው ይመስላሉ። ስለዚህ ሶፍትዌሩ "ይህን ቁራጭ እንዳታዞር" ወይም "ግማሽ ዙር ብቻ አዙር" ሲሉት የሚሰማ መሆን አለበት። እንዲህ የታዘዘ ሶፍትዌር የሚያሳየው የላሜራ አጠቃቀም መቶኛ ዝቅ ይላል፤ የሚያወጣው ዕቃ ግን ለደንበኛ የሚሰጥ ነው።

መቶኛው እንዴት ያታልላል?

ሻጭ ሁሉ የሚኮራበት አንድ ቁጥር አለ፦ ከላሜራው ስንት መቶኛው ጥቅም ላይ እንደዋለ የሚያሳየው። ይህን ቁጥር እንዳዩት አይመኑት።

የእኛው 66 ክብ ከሙሉው ላሜራ አንፃር ሲሰላ 66 ነጥብ 4 በመቶ ነው። ነገር ግን ክቦቹ ወደ አንድ ጎን ተጠግተው ስለተደረደሩ በሌላው ጎን 130 ሚሊ ያህል ስፋት ያለው ረጅም ቁራጭ ይተርፋል። ሶፍትዌሩ ይህን ትርፍ "አልተነካም፣ ወደ መጋዘን ተመልሷል" ብሎ ከሒሳቡ ቢያወጣው ያው አደራደር 74 በመቶ ሆኖ ይታያል። አንድ ሮንዴላ እንኳ ሳይጨመር ቁጥሩ 8 ነጥብ ገደማ ወጣ። ትርፉ ነገ ለሌላ ሥራ በእርግጥ ከዋለ 74 ትክክል ነው፤ ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ዝጎ ቆራሌ ከወሰደው ግን እውነቱ 66 ነው።

ሁለተኛው ማታለያ ቀዳዳ ያለውን ቁራጭ እንደ ሙሉ መቁጠር ነው። ሦስተኛው ለመደርደር የሚመቹ አራት ማዕዘን ቁራጮችን ለማሳያ መምረጥ ነው። ቅርፅ የራሱ ወሰን አለው። እኩል የሆኑ ክቦች ምንም ክፍተት ሳይተው፣ ማለቂያ በሌለው ላሜራ ላይ ቢደረደሩ እንኳ ከ90 ነጥብ 7 በመቶ አያልፉም፤ ይህ በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። ክብ ብቻ ለሚቆርጥ ወርክሾፕ 95 በመቶ ቃል የሚገባ ሻጭ ካጋጠመዎ ውይይቱን እዚያው መዝጋት ይችላሉ።

የማይዋሽ መለኪያ ሚዛን ነው። በወሩ ስንት ኪሎ ላሜራ ከመጋዘን ወጣ? ስንት ኪሎ የተጠናቀቀ ቁራጭ ወጣው? ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ማካፈል ነው። ሚዛን ከሌለም የብረት ክብደት ስሌት ቀላል ነው፤ 1 ሚሊ ውፍረት ያለው አንድ ካሬ ሜትር ላሜራ 7 ነጥብ 85 ኪሎ ይመዝናል፣ 2 ሚሊው የዚህ እጥፍ ነው።

ያዋጣል ወይስ አያዋጣም?

በወር 4 ቶን ላሜራ የሚጠቀምና ከዚያ ውስጥ 68 በመቶው ወደ ቁራጭ የሚለወጥለት ወርክሾፕ አለ እንበል። የሚያስረክበው ዕቃ 2,720 ኪሎ ነው። ሶፍትዌሩ መቶኛውን ወደ 74 ቢያደርስለት ያንኑ ዕቃ ከ3,676 ኪሎ ላሜራ ያወጣል። ቁጠባው 324 ኪሎ ነው። ብዙ ሰው 6 በመቶን በ4 ቶን አባዝቶ 240 ይላል፤ ስሌቱ ግን ከሚያስፈልገው ዕቃ ተነስቶ ወደ ኋላ ነው የሚሠራው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ይቀንሱ፦ 324 ኪሎው ቁርጥራጭ ቢሆን ኖሮ ይሸጥ ነበር። ስለዚህ እውነተኛው ጥቅም የአንድ ኪሎ ላሜራ ዋጋ ሲቀነስ የአንድ ኪሎ ቁርጥራጭ ዋጋ፣ ሲባዛ በ324 ነው። ይህን በራስዎ ዋጋ አስልተው የሶፍትዌሩን ዋጋ ቢያካፍሉለት በስንት ወር እንደሚመለስ ያገኛሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በውጭ ምንዛሪ የሚገባው ላሜራም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈለው ሶፍትዌርም በብር ስለተወደዱ፣ ስሌቱን በዱሮ ፕሮፎርማ አይሥሩ።

የማያዋጣቸውም አሉ። በየሰፈሩ የምናየውን፣ አበባና ሐረግ የተቆረጠበትን የግቢ በር ብቻ የሚሠራ ወርክሾፕ አንዱ ነው። አንድ የበር ክንፍ ራሱ ላሜራውን ይሞላዋል፤ የሚደረደር ነገር የለም። እንዲህ ላለው ወርክሾፕ የሚጠቅመው የአቆራረጡ ቅደም ተከተል ነው፤ ላሜራው በሙቀት እንዳይጣመም ማሽኑ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ይቆርጣል፣ ብዛት ያለው መብሳትም ይቀንሳል። ሙሉ የኔስቲንግ ሶፍትዌር መግዛት ለእርሱ ቅንጦት ነው።

ገበያው ላይ ምን አለ?

በሦስት መደብ መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ነው። ከቻይና የሚገቡ ብዙ የፋይበር ሌዘር ማሽኖች ሳይፕካት የሚባል የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይዘው ይመጣሉ፤ በውስጡ መጠነኛ የመደርደር ችሎታ አለው። ትሩምፍና ባይስትሮኒክም ለማሽኖቻቸው የራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው። አንድ ማሽን ብቻ ያለው ሰው ሌላ ከመግዛቱ በፊት ይህን አሟጦ መጠቀሙን ያረጋግጥ። ብዙ ወርክሾፕ ውስጥ ይህ ቁልፍ ተነክቶ አያውቅም።

ሁለተኛው መደብ ለማንኛውም ማሽን የሚያገለግሉት ናቸው፦ ሲግማኔስት፣ ላንቴክ፣ ራዳን፣ የሃይፐርተርም ፕሮኔስት። ሁለትና ሦስት የተለያየ ማሽን ላለው፣ ትርፍራፊ ላሜራውን በቁጥር ለሚይዝ፣ ዋጋ ማቅረቢያውንም ከዚያው ለሚያወጣ ወርክሾፕ የሚሆኑ ናቸው። ሦስተኛው እንደ ዲፕኔስት ያለው ነፃ ሶፍትዌር ነው። መደርደሩን ደህና አድርጎ ይሠራል፤ ነገር ግን ማሽኑ ብረቱን የት እንደሚበሳ፣ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ አይወስንም፣ ለማሽኑ የሚገባውን ጂ-ኮድም አያወጣም። ያንን ሌላ ፕሮግራም መጨረስ አለበት። ለመማሪያና የማሽንዎን ሶፍትዌር ለመፈተን ግን ወጪ የለበትም።

ከመፈረምዎ በፊት

የሻጩን ማሳያ ትተው የራስዎን ሥራ ይስጡት። ያለፈውን ወር ትእዛዞች ከነብዛታቸው፣ በወቅቱ የነበረዎትን የላሜራ መጠን፣ የሚጠቀሙበትን ክፍተትና የአቅጣጫ ገደብ በአንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጠው ለሁለትና ለሦስት ሻጭ ያቅርቡ። ሁሉም ያንኑ ይሥሩ። ከዚያ የሚያወዳድሩት አራት ነገር ነው፦ ስንት ኪሎ ላሜራ ፈጀ? ማሽኑ ስንት ሰዓት ይቆርጣል? ኦፕሬተሩ ለማዘጋጀት ስንት ደቂቃ ወሰደበት? የተረፈው ላሜራ አንድ ላይ የተሰበሰበ ነው ወይስ እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ?

ቀጥሎ የማሽኑን ጉዳይ ያጥብቁ። አደራደሩን ወደ ማሽንዎ ትእዛዝ የሚተረጉመው ክፍል ፖስት ፕሮሰሰር ይባላል። ስክሪን ላይ ያማረ አደራደር በዚህ በኩል ከተበላሸ ከንቱ ነው። ሻጩ በእርስዎ ማሽን ላይ፣ በእርስዎ ላሜራ፣ እርስዎ ባሉበት አንድ ሙሉ ላሜራ ቆርጦ ያሳይ፤ ቁራጮቹን በካሊፐር ይለኩ።

የፈቃዱን ዓይነትም ይጠይቁ። አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚታደስ? በየዓመቱ ከሆነ የሚቀጥለው ዓመት ምንዛሪ ከየት ይመጣል? ለመክፈት ኢንተርኔት ይፈልጋል? ከፈለገ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀን ማሽኑ ይቆማል ማለት ነው። በዩኤስቢ ቁልፍ የሚሠራ ከሆነ ቁልፉ ቢጠፋ ምን ይደረጋል? መብራት ሲጠፋ የተሠራው ይቀመጣል? ችግር ሲፈጠር ስልክ የሚያነሳው ሰው አማርኛ ይችላል? ፈቃዱ በሕገወጥ መንገድ የተሰበረ ቅጂ በርካሽ እንደሚገኝ የሚነግርዎ አይጠፋም፤ ፖስት ፕሮሰሰሩ ሲበላሽ ግን የሚያስተካክልልዎ የለም፣ የተበላሸው ላሜራም የእርስዎ ነው።

በመጨረሻ ሰውን አይርሱ። ትርፍ ላሜራ ላይ መጠኑን፣ ውፍረቱንና የብረቱን ዓይነት በጠመኔ ጽፎ ወደ ሶፍትዌሩ መዝገብ የሚያስገባ ኃላፊ ከሌለ፣ ውዱም ሶፍትዌር ሁልጊዜ አዲስ ላሜራ ይጠይቃል።

ስለዚህ ምክሩ አጭር ነው። ሶፍትዌር ከመግዛትዎ በፊት ለአንድ ወር የገባውን ላሜራና የወጣውን ቁራጭ በኪሎ ይመዝግቡ። ያ ቁጥር በእጅዎ ካለ የትኛውም ሻጭ አያታልልዎትም፤ ከሌለ ግን የተሻለውን ቢገዙ እንኳ መሻሉን አያውቁም።